ለፌብሩዋሪ 14 ካርዱን ልጆቻችን ይሥሩት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲገባደድ ከልጄ መምህርት የክፍሉን ልጆች ስም የያዘ ወረቀት ይደርሰኛል፤ ፌብሩዋሪ 14 ቀን ካርድ የሚያመጣ ልጅ ማንንም ሳያስቀር ለሁሉም እንዲሰጥ የሚያሳስብ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ልማዱን ያውቀዋል። ቀኑ የፍቅረኞች ቀን በመባሉ ቅር የሚላቸው እንዳሉ ይገባኛል፤ በትንንሾቹ ክፍል ግን የሚከበረው ጓደኝነት ነው። ለሁለት ዓመት ከሥራ ስመለስ አንድ ጥቅል የታተመ ካርድ እየገዛሁ አሳልፌያለሁ። ዘንድሮ፣ ልጄ 2ኛ ክፍል ሲገባ፣ 24ቱንም ካርድ አብረን በእጃችን ሠራን፤ የምጽፍላችሁም ሌሎች ወላጆች እንዲሞክሩት ለመጠየቅ ነው።

የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ ቀይና ነጭ ወረቀት፣ መቀስ፣ ማጣበቂያና ከለር ብቻ ነው። ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ የልቡን ግማሽ ከእጥፋቱ አስጠግቶ መሳልና መቁረጥ ነው፤ ሲዘረጋ ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነ ልብ ይወጣል። ልጄ መጀመሪያ የሳለው በተከፈተው ጠርዝ በኩል ስለነበር ልቡ ለሁለት ተከፍሎ ወጣበትና በጣም አዘነ፤ ሁለተኛውን ግን ራሱ አስተካከለው። በካርዱ እጥፋት ላይ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ስንጥቆች አበጅተን መሐሉን ወደ ውስጥ ገፍተን ልቡን ስንለጥፍበት፣ ካርዱ በተከፈተ ቁጥር ልቡ ብድግ ይል ጀመር።

በየምሽቱ 8 ካርድ እየሠራን በሦስት ምሽት ጨረስን። ከሁሉ የነካኝ ልጄ በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆም እያለ ማሰቡ ነው፤ ዳይኖሰር ለሚወደው ዳይኖሰር፣ ለኳስ ተጫዋቿ ኳስ ሳለ። አንዱ ስም ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩን አስቀመጠና «ይህን ልጅ አላውቀውም» አለኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ቀርቦ ምን እንደሚወድ ጠየቀው። የታተመ ካርድ ገዝቼለት ቢሆን ኖሮ ያ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር።

የእጅ ካርድ በዚህ አገር ሥር ያለው ነገር ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ፣ በማሳቹሴትስ የዉስተር ከተማ ነዋሪ የሆነችው አስቴር ሃውላንድ ከእንግሊዝ የመጣ ካርድ አይታ፣ ዳንቴል መሳይ ወረቀትና ባለቀለም ወረቀት አስመጥታ፣ ሴቶችን በጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣ በእጅ ታሠራ ነበር። እኛም ለነገሩ እንግዶች አይደለንም፤ መስከረም 1 ቀን አደይ አበባና መልአክ በከለር ሥለን ለጎረቤት እያደረስን ሳንቲም የተቀበልን ብዙዎች ነን። ይህን ለልጄ ነግሬው፣ 25ኛውን ካርድ ለአያቱ ሠርቶ «እማማ፣ እወድሻለሁ» ብሎ በፊደል ጻፈበት።

ልጆቻችን አማርኛ የሚማሩባቸው የቅዳሜና የእሑድ ክፍሎች በመጪው ጃንዋሪ መጨረሻ ለዚህ ሥራ አንድ ሰዓት እንዲመድቡ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። እኔ በምገኝበት ክፍል ወረቀቱንና መቀሱን ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ