ኅዳር ሲታጠን እንዳንቸገር

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ኅዳር 12 ደረሰ። በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ የተወልን ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ ዘንድሮም ደሴን በጢስ መሙላቱ አይቀርም። ከተማችን በተራራ ስለተከበበች ጠዋት ጠዋት ጢሱ ቶሎ አይበተንም። አስም ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባችሁ ቤት ዋሉ። ጎረቤትንም ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ጎማና ላስቲክ ባይቃጠል በዓሉ አይጎድልበትም።

ሳልቡታሞል (ትንፋሽ ሲያጥር የሚሳበውን) ስትስቡ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ የሚቀርባችሁ ብዙዎች ናችሁ። የግማሽ ሊትር ውኃ ፕላስቲክ አጥባችሁ አድርቁ፤ ከሥሩ በኢንሄለሩ (በመድኃኒቱ መሳቢያ) አፍ ልክ ቅደዱና አጥብቃችሁ ግጠሙ። ኢንሄለሩን ነቅንቃችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ፤ ከዚያ በፕላስቲኩ አፍ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ አየር ሳቡ፣ አስወጡ። ሁለት ጊዜ እንድትስቡ ከታዘዘላችሁም ሁለተኛው እንዲሁ ለብቻው ይሁን።

በየቀኑ የምትስቡትን የመከላከያ መድኃኒት ግን «ደኅና ነኝ» ብላችሁ አታቋርጡ። ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡ።

ቡና የምታፈሉ እናቶቻችን ሆይ፣ ዕጣኑ ይቅር ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ወሎ ላይ ማን ሊሰማኝ! በሩ ይከፈት፣ ሕመምተኛው ደጃፉ አጠገብ ይቀመጥ።

የመድኃኒት መዋጮ ያልከፈላችሁ እስከ ኅዳር 10 ለገንዘብ ያዣችን አድርሱ። ሳልቡታሞሉ አልረዳ ካለ ወይም ትንፋሽ አጥሮ መናገር ካቃተ፣ ሌሊትም ቢሆን ቅርባችሁ ያለውን አባል ቀስቅሳችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።