ባሕረኛን ማጀብ ሙያ ነው፤ ፈቃድና ደንብ ይውጣለት

ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የባሕረኛ አጋርነት ሥራ (ወደብ ላይ ወደ መርከብ ወጥቶ ባሕረኛን መጎብኘትና ማማከር) በሙያነት ታውቆ፣ ሠራተኞቹ ሠልጥነውና ተመዝግበው በማኅበር እንዲደራጁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቢሾፍቱ ባቦጋያ ሠልጥኖ የሚወጣ ወጣት መርከብ ከመሳፈሩ በፊት ምን ማሟላት እንዳለበት መሥሪያ ቤትዎ ጠንቅቆ ያውቃል። የመሠረታዊ ደኅንነት ሥልጠና፣ የብቃት ምስክር ወረቀት፣ የጤና ምርመራ፣ የባሕረኛ ደብተር፣ ፓስፖርት፣ የተፈረመ የሥራ ውል። አንዱ ከጎደለ አይሳፈርም። ከተሳፈረ በኋላ በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር ማን መጥቶ እንደሚያየው ግን የትኛውም ቅጽ አይጠይቅም።

ጥያቄው ለእኛ ልጆች የተለየ ክብደት አለው። ከአገራችን ወደ ባሕር የሚወጡት በአብዛኛው የሞተር ክፍልና የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንኖች ናቸው። የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን፣ መርከብ ላይ በአጭሩ ኢቲኦ የሚሉት፣ በአንድ መርከብ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ቀን ሙሉ ሠርቶ ሌሊት ማስጠንቀቂያ ደወል ሲጮኽ የሚቀሰቀሰውም እሱ ነው፤ የሚተካው ሰው የለም። ከሃያ በላይ ከሚሆኑት የመርከቡ ሰዎች መካከል ብቸኛው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ደግሞ ምግቡም ጨዋታውም በዓሉም የሌሎች ነው።

የምንጠይቀው አዲስ መብት አይደለም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. የ2006 የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2013 በዓለም ደረጃ በሥራ ላይ የዋለው፣ በደንብ 4.4 ስለ ወደብ የደኅንነትና የማኅበራዊ አገልግሎት ይደነግጋል። የስምምነቱ መመሪያ በወደብ፣ በክልልና በአገር ደረጃ የባሕረኞች ደኅንነት ቦርዶች እንዲቋቋሙ፣ የባሕር አገሮች ቆንስሎችም ከቦርዱ ሥራ ጋር እንዲተሳሰሩ ይመክራል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2004 ጀምሮ የሚሠራው የመርከቦችና የወደብ ተቋማት የጸጥታ ኮድም በሩን አልዘጋም። የወደብ ጸጥታ ዕቅድ ባሕረኞች ወደ የብስ የሚወርዱበትንና የደኅንነት አገልግሎት ተወካዮች ወደ መርከብ የሚወጡበትን ሥርዓት እንዲይዝ አስገዳጅ በሆነው ክፍሉ ያዛል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ። የጎደለው በዚያ መብት ወደ መርከቡ የሚወጣው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው እዚህ «አጋር» ብለነዋል። ሥራው ምን እንደሆነ በዝርዝር የምንጽፈው «ደግ ልብ ካለ ይበቃል» የሚለው አስተሳሰብ እስከ ዛሬ ብዙ ስላበላሸ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመርከቡ በፊት ነው። አጋሩ ከመርከቡ ወኪል መርከቡ መቼ እንደሚታሰር፣ ምን እንደሚያራግፍና መቼ እንደሚሄድ ይጠይቃል። የኮንቴይነር መርከብ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ሳይሞላው ይነሣል፤ ስንዴ ወይም ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ግን ለቀናት ይቆማል። ስለዚህ ለኮንቴይነሩ መርከብ የጉብኝት ሰዓት ይመረጥለታል፤ ለስንዴው ወይም ለማዳበሪያው መርከብ ግን የጉብኝት ቀን ይመረጥለታል። የአጋሩ ስም በተርሚናሉ በር ዝርዝር ውስጥ ከአንድ ቀን በፊት ካልገባ ጉብኝቱ እዚያው በሩ ላይ ያልቃል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከመርከበኛው ጋር ሳይገናኙ ከሚቀሩ ጉብኝቶች የሚበዙት የሚሰናከሉት በዚህ ተራ ምክንያት ነው።

ሄልሜት፣ አንጸባራቂ ሰደርያና ሴፍቲ ጫማ ግዴታ ናቸው፤ መርከቡ መልሕቅ ጥሎ ቆሞ በጀልባ የሚሄዱ ከሆነ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይጨመራል። ዕቃ የሚያዘው በጀርባ ቦርሳ ነው። ጋንግዌይ የሚሉት መሰላል ከባሕሩና ከጭነቱ ጋር ስለሚነሣና ስለሚወርድ ሁለቱም እጆች ነጻ መሆን አለባቸው። በክሬን ሥር ማለፍ ፈጽሞ ክልክል ነው። መሰላሉ ጫፍ ላይ ለቆመው ጠባቂ መታወቂያ አሳይቶ፣ መዝገቡ ላይ ስምና ሰዓት ጽፎ፣ የጎብኚ ባጅ ወስዶ የካፒቴኑን ወይም የምክትሉን፣ የቺፍ ኦፊሰሩን፣ ፈቃድ መጠየቅ ይከተላል። ፈቃድ ሳያገኝ ወደ መኝታ ክፍሎች የሚገባ አጋር ለራሱ ብቻ ሳይሆን ከሱ በኋላ ለሚመጡትም በሩን ይዘጋል።

የመቀመጫው ቦታ የመመገቢያ ክፍሉ ነው፤ ሰዓቱም የምሳ ወይም የእራት ሰዓት፣ ፈረቃ ሲቀያየር። ይህ ለአጋሩ ምቾት ተብሎ የተመረጠ ሰዓት አይደለም። ስምምነቱ ባሕረኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ 77 ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል፤ ዕረፍቱ ከሁለት ክፍል በላይ ሊቆራረጥ አይችልም፣ አንደኛው ክፍልም ከ6 ሰዓት ማነስ የለበትም። ወደብ ላይ ደግሞ ጭነት፣ ፍተሻ፣ ስንቅና ነዳጅ በአንድ ላይ ስለሚመጡ ይህ ዕረፍት የሚሸራረፈው እዚያ ነው። የተኛን ሰው «ላጫውትህ» ብሎ የሚቀሰቅስ ጎብኚ ሊረዳው የመጣውን ሰው ይጎዳል።

ቦርሳው ውስጥ ሲም ካርድ፣ ተንቀሳቃሽ ዋይፋይ፣ የከተማ ካርታ፣ የስልክ ባትሪ መሙያና የአቤቱታ መቀበያ ስልኮች የታተሙበት ትንሽ ካርድ ይኖራል። ዋይፋዩ መቼ ይከፈት የሚለው በሥራው ላይ ባሉ ሰዎች መካከል ያከራክራል። የእኛ አቋም፦ መጀመሪያ። ሰውየው ቤቱ ደውሎ እናቱን ካላገኘ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፣ ልቡም ከአጋሩ ጋር አይሆንም። ደውሎ ሲጨርስ የሚመጣው ዝምታ ግን ለጨዋታ የተከፈተ ነው፤ አጋሩ እስከዚያ ድረስ ተቀምጦ ሻይ መጠጣትን መቻል አለበት። መቸኮል ሙያውን ያልለመዱ ሰዎች የመጀመሪያ ጥፋት ነው።

ጥያቄዎቹም ቅደም ተከተል አላቸው። «እንዴት ነህ?» ለሚለው መርከብ ላይ መልሱ ሁልጊዜ «ደኅና» ነው። «መቼ ተሳፈርክ? መቼ ትወርዳለህ?» የሚለው ግን ብዙ ያወጣል፤ የመውረጃ ቀኑን የማያውቅ ወይም ውሉ አልፎ እየሠራ ያለ ሰው እዚህ ላይ ይታወቃል። በስምምነቱ መሠረት አንድ ሰው ሳይወርድ በመርከብ የሚቆይበት ጊዜ 12 ወር ሊሞላ አይገባም። ቀጥሎ «ደመወዝ ቤት ደርሷል?» ይባላል፤ ከዚያ ስለ ምግብና ስለ መጠጥ ውሃ፣ በመጨረሻም ስለ እንቅልፍ። እነዚህ ሁሉ ካፒቴኑ በተቀመጠበት አይጠየቁም። የሠራተኞቹ የዕረፍት ሰዓት በሚጻፍበት መዝገብ ላይ ሰዓቱ ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ሆኖ ከተሞላ አጋሩ ልብ ይበል፤ እንደዚያ ተስተካክሎ የሚውል መርከብ የለም።

የአጋሩ ዓይን የሚፈልጋቸው ሰዎች አሉ፦ ከአገሩ ሰው ብቻውን የሆነው፣ የመጀመሪያ ጉዞው ላይ ያለው ካዴት (ሠልጣኝ መኮንን)፣ ሁሉም የሚያማርርበት ወጥ ቤቱ፣ እና በቅርቡ ከቤቱ መርዶ የሰማው። ለኢትዮጵያዊ ባሕረኛ በተለይ መርዶ ከባድ ነገር ነው፤ ለቅሶ ሳይቀመጥ፣ ሰው ሳይሰበሰብለት በማግስቱ ሞተር ክፍል ይወርዳል። አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚችል አጋር ለአንድ ሰዓት አብሮት ቢቀመጥ የሚሠራውን ሥራ የትኛውም የስልክ መስመር አይተካውም።

አሁን የሚያበላሸውን እንናገር።

ገንዘብ ማበደር ያበላሻል። ስጦታ መቀበልም እንዲሁ፤ ከመርከብ የወረደ አንድ ካርቶን ሲጋራ በጉምሩክ ዓይን ኮንትሮባንድ ነው። «ይቺን ዕቃ ለወንድሜ አድርስልኝ» የሚል ጥያቄ ከማንም ቢመጣ መልሱ አይሆንም ነው። ፎቶ ማንሣት፣ የመርከቡን ስም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ፣ በካፒቴኑና በሠራተኛው ጠብ ውስጥ ዳኛ መሆን፣ ሰው ሳይጠይቅ ሃይማኖት መስበክ፦ እነዚህ ሁሉ አጋሩን ከመሰላሉ በታች ያስቀሩታል። ፍቅርና ጓደኝነትም ደንብ ይፈልጋል። ለሚከፈለው ሥራ የሄደ አጋር ከሚያጅበው ሰው ጋር የግል ግንኙነት አይጀምርም። ሥራው «አጃቢነት» ሲባል ሰው ሌላ ነገር እንዳይጠረጥር፣ ሴት አጋሮችም ሳይደፈሩና ሳይታሙ እንዲሠሩ፣ ጉብኝት ሁልጊዜ በሁለት ሰው፣ በተከፈተ በር ይደረግ እንላለን።

ምስጢር ሌላው ነው። የተነገረው ነገር ከተናጋሪው ፈቃድ ውጭ ለኩባንያው፣ ለአስቀጣሪው ኤጀንሲ፣ ለእናንተም ቢሆን አይደርስም። ብቸኛው ልዩ ሁኔታ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው፤ ይህም ገና ከመጀመሪያው ለሰውየው ይነገረዋል። ራሱን ሊጎዳ ይችላል የሚል ስጋት ያደረበት አጋር በቀጥታ፣ በግልጽ ቃል መጠየቅ አለበት። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ መሸፋፈን ግን ሰውየውን ብቻውን ይተወዋል። መልሱ አዎ ከሆነ ከአጠገቡ አይለይም። ካፒቴኑና ሐኪም ይጠራሉ፤ መርከቡ በዚያ ሰዓት ቢነሣ እንኳ የርቀት ሕክምና ምክር የሚሰጠው ጣቢያ እንዲነገረው ይደረጋል፤ ሰውየው ከፈቀደም በሚቀጥለው ወደብ ያለ አጋር ይረከበዋል። ይህን ርክክብ ያለ ሥልጠና የሚሞክር ሰው ወይ ያስፈራል ወይ ይረሳል።

አጋሮች ቀድመው የሚያዩት ሌላም ነገር አለ፦ የተተወ መርከብ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 18 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራው የስምምነቱ ማሻሻያ የመርከቡ ባለንብረት ባሕረኛውን ወደ አገሩ የሚመልስበትን ወጪ ካልሸፈነ፣ ስንቅና መሠረታዊ ድጋፍ ከነፈገው፣ ወይም ግንኙነቱን አቋርጦ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለው ሰውየው እንደተተወ ይቆጥራል። ለባለንብረቱ የገንዘብ ዋስትና የሰጠው ተቋምም እስከ አራት ወር የሚደርስ ያልተከፈለ ደመወዝ ይሸፍናል። የዋስትናው ሰነድ መርከቡ ላይ በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። የሠለጠነ አጋር ወደ መመገቢያ ክፍሉ ሲገባ ያንን ወረቀትና የሚያበቃበትን ቀን በዓይኑ ይፈልጋል። ያልሠለጠነው ሲም ካርዱን አድሎ ይወጣል።

«አሁን መርከብ ሁሉ ኢንተርኔት አለው፤ አጋር ለምን?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 23 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠሩት የስምምነቱ ማሻሻያዎች የመርከብ ላይ ማኅበራዊ ግንኙነትን ማካተታቸው መልካም ነው። ነገር ግን ኢንተርኔቱ ሰዎቹን ከመመገቢያ ክፍሉ አውጥቶ እያንዳንዱን በየካቢኔው ዘግቶበታል፤ የቤት ጭንቀትም በየሌሊቱ ይደርሳል። «የሃይማኖት ድርጅቶች ይሠሩታል» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ በዓለም ወደቦች ይህን ሥራ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሸከሙት እነሱ ናቸው፣ ምስጋናም ይገባቸዋል። የአገርን ባሕረኛ ማየት ግን የአገር ኃላፊነት ነው።

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤትዎ የምንጠብቀው የሚከተለው ነው። የባሕረኛ አጋርነት የሥራ መደብ ሆኖ ይጻፍ። ሥልጠናው ከስድስት ሳምንት ያላነሰ ይሁን፤ ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ሳምንታት ልምድ ካለው ሰው ጋር መርከብ ላይ የሚያልፉ ይሁኑ። ፈቃዱ በየሁለት ዓመቱ ይታደስ፤ ምስጢር ያወጣ ወይም ገንዘብ የተቀበለ ይነጠቅ። አንድ አጋር በቀን ከአራት መርከብ በላይ አይሂድ፤ ከከባድ ጉብኝት በኋላ የሰማውን ለሚያማክረው ሰው የሚያራግፍበት ሰዓት በደመወዙ ውስጥ ይቆጠርለት። አጋሮቹ የራሳቸው የሙያ ማኅበር ይኑራቸው፤ የሥነ ምግባር አቤቱታ በመጀመሪያ እዚያ ይታይ፣ ይግባኙ ለእናንተ ይምጣ።

የመጀመሪያው ቦታ ጅቡቲ ይሁን። አብዛኛው የአገራችን ጭነት የሚያልፈው በዚያ ነው፤ መንግሥትም በዚያ ኤምባሲ አለው። ለሙከራ ስድስት አጋሮች ለአንድ ዓመት በቂ ናቸው። ከጅቡቲ ወደብ ባለሥልጣናት ጋር የመግቢያ ስምምነት ሳይፈረም አንድም ሰው እንዳይላክ እንለምናለን፤ በር ላይ ለሚቀር አጋር ደመወዝ መክፈል ከንቱ ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ የስምምነቱ መመሪያ የመንግሥት በጀትን፣ ከመርከብ ሥራ የሚሰበሰብ ልዩ ክፍያንና በፈቃደኝነት የሚሰጥ መዋጮን ይጠቅሳል። ከባሕረኛው ደመወዝ እንዳይነካ ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ስምምነቱ ለሥራ ማገናኘት ከባሕረኛው ክፍያ መውሰድን ይከለክላል፤ በሱ ላይ ሊወድቁ የሚችሉት ወጪዎች የጤና ምስክር ወረቀት፣ የባሕረኛ ደብተርና ፓስፖርት ብቻ ናቸው። «የአጋር ክፍያ» የሚል መስመር በአስቀጣሪ ኤጀንሲ ደረሰኝ ላይ ብቅ ቢል ሥራው በዚያው ቀን ስሙ ይጠፋል።

የሥልጠናውን ረቂቅ ሥርዓተ ትምህርትና የሥነ ምግባር ደንቡን አዘጋጅተናል። መሥሪያ ቤትዎ ቀጠሮ ሲሰጠን ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በመርከብ ጉብኝትና በባሕረኞች ምክር ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
በጅቡቲ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ