አባትህ እውነታቸውን ነበር

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሜሪላንድ ምን ይመስላል? እዚህ ደሴ ጦሳ ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል፤ የሰፈራችን ሰው በደህና አለ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም። አፍሬ ነው።

ያቺን ማታ አትረሳትም። እናትህ ቶናውን እየቀዱልን የ66ቱ የወሎ ረሃብ ወሬ ተነሣ። እኔ፣ "ዝናብ የፈጣሪ ነው፤ ጃንሆይ ምን ያድርጉ? ደብቀዋቸው እንጂ ቢያውቁ ዝም አይሉም ነበር" አልኩ። አባትህ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ "ልጄ፣ ያን ዓመት እኔ ራሴ ከደሴ እህል ጭኜ አዲስ አበባ አራግፌያለሁ። ሰው መንገድ ዳር ወድቆ እያየሁ" አሉ። ሰው በሚራብበት አገር እህል ተጭኖ ይወጣል ብሎ ማመን አቃተኝና፣ "አባባ፣ ዘመኑ ተምታቶብዎት ይሆናል" አልኳቸው። በገዛ ቤታቸው፣ በልጃቸው ፊት! እርሳቸው ምንም አልመለሱልኝም። አንተ ግን ተነሥተህ ወጣህ። ሲሞቱም ለቅሶ አልደረስኩም። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው።

የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን የዚያን ዘመን ምርትና ገበያ መርምሮ የደረሰበትን አነበብኩ፤ አባትህ ካሉት ጋር አንድ ነው። በአገር ደረጃ ምርቱ ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። የወሎ ገበሬ ግን ሰብሉ ሲጠፋ መብሉም ገንዘቡም አብሮ ጠፋበት። ከብቱ አለቀ፣ የቀረውም ረከሰ። የሚገዛ ስለሌለ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ ነጋዴውም እህሉን ገንዘብ ወዳለበት፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ላከው። የአባትህ የጭነት መኪና፣ ያቺ ኤንትሬ፣ ከነተሳቢዋ በኮምቦልቻና በከሚሴ አልፋ ጣርማ በርን ስትወጣ የጫነችው ይህንኑ እህል ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

"አላወቁም" ያልኩትንም ደግሜ አሰብኩበት። በ1965 የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው የረሃብተኛውን ፎቶግራፍ አንሥተው ሄዱ፤ ስድስት ኪሎም ለሕዝብ አሳዩት። ከስድስት ኪሎ እስከ ቤተ መንግሥቱ ምን ያህል ይርቃል? በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው ጋዜጠኛ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪያሳየው ድረስ ዓለም አልሰማም ነበር። ጃንሆይም ዘግይተው ወሎ ሲመጡ፣ መሬቱን የሸጠና ያስያዘ ገበሬ ተመልሶ ለአንድ ዓመት እንዲያርስ ፈቀዱ። ለአንድ ዓመት ብቻ! ልጆቹን ቀብሮ ለተረፈ ሰው ይህ ምን ይባላል? ያንኑም ባለመሬቶቹ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

አንድ ሹፌር የሚያውቀውን ነገር ንጉሡ ሳያውቅ ከቀረ፣ የሚጠይቅ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ከአባትህ ተማርኩ። አሁን አንድ መሪ አደጋ ወደ ደረሰበት ቦታ ሄዶ ሲያለቅስ ሳይ ልቤ አይሸነፍም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን ሰው እንዴት እንደተቀበለው ነው መጠየቅ የምፈልገው።

ለጃንሆይ ጥብቅና ያቆመኝ ምን እንደነበር ታውቃለህ፤ የ77ቱ ረሃብ ነው። አንተና እኔ ወይዘሮ ስኂን ተማሪዎች ነበርን። ለመስከረም 2 ሰልፍ ስንለማመድ፣ ከራያና ከየጁ የፈለሰው ሰው በየአጥሩ ሥር ተኝቶ ያየን ነበር። አንተ በኪስህ የያዝካትን ቆሎ ለአንዲት ልጅ ሰጥተሃት የሰልፍ መሪው ተቆጡህ። አዲስ አበባ አሥረኛውን የአብዮት በዓልና የገዢውን ፓርቲ የኢሠፓን ምሥረታ ስታከብር ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ገና ከመጋቢት 1976 ጀምሮ ለለጋሾች ይጮህ ነበር። ከበዓሉ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ በቢቢሲ ሲታይ ነው ዓለም የነቃው።

እነዚህ ደርጎች እኮ በ1967 አዲስ ዓመት ማታ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር ቀጣጥለው በቴሌቪዥን አሳይተው፣ በማግስቱ ንጉሡን በቮልስዋገን ጭነው የወሰዱ ናቸው። በወሎ ረሃብ ስም ሥልጣን ይዘው፣ ወሎ ዳግመኛ ሲራብ አዳራሽና ቅስት አስጌጡ። እነርሱን አምርሬ ስጠላ ጃንሆይ በዓይኔ እየነጡ ሄዱ፤ የአንዱ ክፋት የሌላውን ጥፋት አጠበልኝ። አባትህ ግን ሁለቱንም ዘመን መሪ ጨብጠው፣ በዚያው መንገድ ላይ አይተውታል። በ77 ከአሰብ የእርዳታ ስንዴ ሲያመላልሱ እንደነበር የነገረችኝ እህትህ ናት። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

ለአረፋ እንደምትመጣ እርሷው ነገረችኝ። ከፈቀድክልኝ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ቤት ከመግባታችን በፊት ወደ መቃብራቸው ጎራ እንበል፤ አንተ ዱዓ ስታደርግላቸው እኔ አጠገብህ ልቁም።

ወንድምህ