ለደንበኞቻችን፦ ስለ ራዲያተሩ ሒሳብ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን «እናንተም ዋጋ መቆለል ጀመራችሁ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። አንድ የቆዩ ደንበኛችን ቅዳሜ ዕለት የራዲያተር፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ፣ መቀየሪያ ሒሳብ ሲሰሙ ከአግዳሚው ብድግ አሉና መኪናቸውን እያንጠባጠበች ይዘው ወጡ። ዋጋውን አስቀድመን አለመንገራችን ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ። የሚያፈስ ራዲያተር መድፈን ትተን መቀየር ብቻ በመጀመራችን ግን ይቅርታ ማለት ይከብደኛል።

አባቴ ይህን ጋራዥ ሲከፍት ራዲያተር መዳብና ነሐስ ነበር። ቀዳዳውን ፈልጎ ስታኞ በሚባለው ቀላጭ ብረት ይበይደዋል፤ ከዚያ በርሜል ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። አረፋ ይወጣ እንደሆነ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ በርሜል ላይ ተደፍቼ ነው ያደግሁት። ዛሬ የምታመጡልን ቪትዝና ኮሮላ ግን መሃሉ አሉሚኒየም፣ ዳርና ዳሩ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ሙቀት ሲመላለስበት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስታኞ አይዘውም፤ ያለው ማጣበቂያ ነው። እኛም ስናጣብቅ ኖረናል፤ አልክድም።

ያስተወኝ አንድ ሚኒባስ ነው። ደፍነን ሰጠነው። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ሊማሊሞን ሲወጣ ማጣበቂያው ለቀቀ። ሾፌሩ የሙቀቱን መርፌ ያየው ዘግይቶ ነበር። የሞተሩ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፤ የሞተሩ ራስ ቴስታታ ጠመመ። የራዲያተር ወጪ ሸሽቶ የሞተር ወጪ ገባ። ባለቤቱ መኪናውን አስጎትቶ ሲያመጣ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከተማችን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑም 90 አካባቢ ይደርሳል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የታፈነው ግፊት ነው። የተጣበቀ ስንጥቅ ያንን ግፊት ስንት ቀን ይችለዋል?

ወደ ዋጋው ልምጣ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ራዲያተሩ ከውጭ ይገባል፣ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ያርፋል፣ ከዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ይደርሰናል። ነጋዴው ደግሞ ዱቤ አቁሟል። ግማሹን ቀብድ የምንጠይቀው ስላላመንናችሁ አይደለም፤ ገንዘቡ እጃችን ላይ ስለሌለ ነው። የእጅ ዋጋችንን ከዓምና ወዲህ አልነካነውም። ይህን ማንም አላየልንም።

«ኩላንቱ ለምን ተጨመረ? የቧንቧ ውሃ አይበቃም?» ትሉናላችሁ። ኩላንት ለራዲያተር የተሠራ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ ውሃ ብቻውን ግን ውስጡን ይበላዋል፤ ዝቃጩም ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይዘጋል። ባለፈው የከፈትነው ውስጥ የበሰለ እንቁላል አገኘን። መንገድ ላይ መድፈኛ ይሆናል ተብሎ የተጨመረ ነው። የጋራዡ ልጆች «ጋሼ፣ ቁርስ መጣ» ብለው ሳቁብኝ።

እስካሁን ያልተቆጡን ባለባጃጆች ብቻ ናቸው፤ ባጃጅ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም።

ለጥምቀት እንግዳ ይዛችሁ መጥታችሁ ከአዘዞ ዳገት ላይ መኪናችሁ የፈላባችሁ ጊዜ፣ ሌሊት ተነስተን በር የከፈትን እኛው ነን። እናንተም በኮሮናው ወቅት ጋራዡ ባዶ ሲሆን ዘይት ለመቀየር እያላችሁ ብቅ ትሉልን ነበር። ዘይቱ ገና እንዳልደረሰ እኔም እናንተም እናውቅ ነበር። ያንን አልረሳሁም። እናንተም እንዳትረሱን ነው የምለምነው።

ከእንግዲህ አንድ ብሎን ሳንፈታ የኦሪጅናሉን፣ የኮፒውንና ያገለገለውን ዋጋ ለየብቻ ጽፈን እንሰጣችኋለን። ስትመርጡ ብቻ እንጀምራለን። የወጣውንም አሮጌ ራዲያተር ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ዋጋው አልጥም ካላችሁ ሌላ ቦታ ጠይቁ፤ አልቀየምም። ትንሽ እቀየም ይሆናል።

ቅዳሜ ለወጡት ደንበኛችን፦ ጋሼ፣ ጋቢዎ አግዳሚው ላይ ቀርቷል። ግራሶ እንዳይነካው ቢሮ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። መኪናዋን ግን እባክዎ አርቀው አይንዱብኝ።

ከጋራዡ ባለቤት፣ ጎንደር