ወንድም ጋሼ ድምፅሽን ይፈልጋል

ሚጣዬ፣ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅር በዪኝ፤ አንቺም ጠፍተሻልና ስንገናኝ እንካካሳለን። ዛሬ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ልለምንሽ ስለፈለግሁ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ወንድም ጋሼ ልንገርሽ፤ ያለዚያ ልመናው አይገባሽም።

ስኳሩ ዓይኑን ጎዳው። ሲጀምር ምንም አላመመውም፣ ለዚህ ነው የዘገየነው። ሲያነብ መስመሩ ይጠፋብኛል ይል ነበር። መነጽር ቀየረ፣ አምፖል ቀየረ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ሐኪም ጋ ስንደርስ ከዓይኑ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች መድማት ጀምረው ነበር። ሌዘር ተሠራለት፤ እሱም የቀረውን ያቆይለታል እንጂ የሄደውን አይመልስለትም ተባልን። አሁን ሰው ሲገባ ጥላውን ያያል፣ ማንነቱን በኮቴው ይለያል። ፊደል ማየት ግን ቀረ። አስቢው እስቲ፣ በርበሬ የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳያነብ የማይጥል ሰው!

ሰፈራችን በ2016 ሲፈርስ መጽሐፎቹን በማዳበሪያ ሞልተን ነበር ያወጣናቸው። አሁን አራት ኪሎ ነው የሚኖረው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ግማሾቹ ዛሬም ከማዳበሪያው አልወጡም። ከሥራ ስወጣ እሱ ጋ ጎራ እልና አንዱን አውጥቼ አነብለታለሁ።

በፍቅር እስከ መቃብር ነው የጀመርነው፤ እሱ ነው የመረጠው። መቼም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ አማርኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሁሉ ሳይታወቀው ወጋየሁን ይሆናል፣ እኔም ድምፄን ወፈር አድርጌ ጀመርኩ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ አስቆመኝ። «ወጋየሁንማ ስልኬ ላይ እሰማዋለሁ፤ አንቺ በራስሽ ድምፅ አንብቢልኝ» አለኝ።

አጠገቤ ይቀመጥና የመጽሐፉን የቀኝ ጠርዝ በጣቱ ይይዛል። ገጽ የሚገልጠው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ይቸኩል ነበር፣ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ገጹ ከእጄ ያመልጣል። አሁን ከትንፋሼ ያውቀዋል መሰለኝ፣ የመጨረሻዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ ወረቀቱ ይገለበጣል። አንድም ቀን እንዴት እንደምታውቅ ንገረኝ አላልኩትም። ጠይቄው ቢተወውስ ብዬ እፈራለሁ።

ጉዱ ካሳ ጋ ስንደርስ ደግሞ ንባቡ ይቆምና ክርክሩ ይጀመራል። አንቺ ያወጣሽለት ስም ሳይሆን አይቀርም እንዲህ ወገንተኛ ያደረገው! ዛሬም ጉዱ ካሳ ሲነካ የተነካው ራሱ ይመስለዋል። እኔ ለሰብለ ስከራከር እሱ «ቆይ፣ ካሳ ምን እንዳለ መልሰሽ አንብቢ» ይለኛል። እራት ሳንበላ የምናመሽበት ጊዜ አለ።

እኔና እሱ እንዴት እንደነበርን ታውቂያለሽ። አባባ ከሞተ ወዲህ ወሬያችን ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ በዓሉ እንዴት ነበር፣ አለቀ። አሁን ግን ጠይቄው የማላውቀውን ሳይቀር ይነግረኛል። ዩኒቨርሲቲ እያለ ማንን ይወድ እንደነበር፣ ለምን ሥራውን እንደተወ፣ እማማ ስትታመም ማታ ማታ ለብቻው የት ይሄድ እንደነበር። አንድ ነገር ልናዘዝልሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ዓይኑ ባይታመም ኖሮ ወንድሜን ሳላውቀው እቀር ነበር እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ይህን ማሰቤ ያስደነግጠኛል፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ይታሰባል እንዴ?

ጉሮሮዬ ሲደክም ሙዚቃ እንከፍታለን። የድሮዎቹን ሁሉ ይወዳል፣ ማህሙድን፣ ጥላሁንን፤ ዘንድሮ ግን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ይዞታል። እኔም ተይዣለሁ። ሰምተሻቸው የማታውቂ ከሆነ ዛሬውኑ ክፈቺ፣ ሥራ እየሠራሽ ግን አይሆንም፤ ቁጭ ብለሽ ነው። ቅኝቱ የኛ ነው፣ ጣታቸው ግን እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ ምቱን ልቆጥር ስሞክር ይጠፋብኛል።

ታሪካቸውን እያነበብኩ ነገርኩት። የከንቲባ ገብሩ ልጅ ናቸው። ገና በስድስት ዓመታቸው ከታላቅ እህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ቫዮሊን የጀመሩት እዚያ ነው። ጣሊያን ሲገባ ቤተሰቡ ተግዞ አዚናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታሰረ። ኋላ ለንደን ሄደው ሙዚቃ ሊማሩ ሲሉ ተከለከሉና ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ አስር ዓመት በባዶ እግራቸው። መጋቢት 2015 ነው በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት። ስንዱ ደግሞ ደራሲ ሆኑ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ወንድም ጋሼ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማና «ታላቅዋ ቃሉን ወሰደች፣ ታናሽዋ ዜማውን» አለ። እኔ አልተስማማሁም። በስድስት ዓመቷ ሰው አገር የሄደች ልጅ ማታ ሲጨልም ከእህቷ ሌላ ማን አላት? ቃል ከማን ጋር ታወራለች? እዚያ ፒያኖ ውስጥ ስንዱም አሉ ብዬ ተከራከርኩት። እስካሁን አልተረታም፣ እኔም አልተረታሁም። አንቺ ዳኚን።

እህ... አሁን ወደ ልመናው።

ያቺን ኦሮማይ ታስታውሻለሽ? እንዴት ትረሻታለሽ፣ ሻንጣሽ ውስጥ ከትተሽ የሄድሽው አንቺ! አትደንግጪ፣ መልሺ አላልኩም። በ1975 እንደወጣች ከገበያ ስትሰበሰብ አባባ ያስቀራት ናት። ደራሲዋ በዓሉ ግርማ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ሲቀር ደግሞ በካኪ ወረቀት ለብዶ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ደበቃት። በኋላ ለወንድም ጋሼ ደረሰችውና ጠርዟን ሁሉ በእርሳስ ሞላው። እናንተም በሷ የተነሳ ስንት ጊዜ ተኮራረፋችሁ።

አዲሱን እትም አራት ኪሎ ከአንድ አዟሪ ገዛሁለትና የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበብኩለት። ደስ አለው። ከዚያ «ቃሉ ያው ነው፣ ጠርዙ ግን ባዶ ነው» አለኝ። ያኔ ምን ብሎ እንደጻፈ ረስቶታል። ሌሊት እየተነሳ ለማስታወስ ይሞክራል።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። በቴሌግራም አንድ ምዕራፍ አንብበሽ ላኪለት፤ እሱ በእርሳስ የጻፈውን ጭምር። የት ጋ እንደጻፈው፣ ያሰመረበትን ሁሉ ንገሪው። የተሳደበበትንም እንዳትዘዪ። የአባባ ፊርማ ፊተኛው ገጽ ላይ አለ፣ ቀኑንም አንብቢለት።

ደግሞ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ምናልባት ስለ አንቺም የጻፈው ነገር ይኖር ይሆናል። እኔ አላየሁም፣ ስለ መጽሐፏ ሲያወራ ስምሽ ጋ ሲደርስ ድምፁ ለወጥ ስለሚል ጠረጠርኩ እንጂ። ያለፈ ነገር ነው፣ ቤትሽንም ትዳርሽንም አከብራለሁ። ካለ አንብቢለት፣ ከከበደሽ ዝለይው። አንቺ አይተሽ ወስኚ።

ኔትወርክ ካስቸገረ ቆራርጠሽ ላኪው። እሱ ማታ በጊዜ ስለሚተኛ ወደ ምሽት አንድ ሰዓት ቢደርስልኝ አብረን እንሰማዋለን። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ትንሷ ጥርሷን ጨረሰች ወይ?

ያንቺው