ትዕዛዙ በቃል፣ ጥፋቱ በወረቀት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

የባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት በጋዜጣችሁ ሲወጣ ትርፉን፣ የተቀማጩን ዕድገትና የቅርንጫፎቹን ብዛት እናነባለን። ያ ቁጥር በቅርንጫፍ ደረጃ በምን ዓይነት አመራር እንደተሰበሰበ ግን አይጻፍም። በሰው ሀብትና በቅርንጫፍ አሠራር ላይ የምንሠራ ሰዎች ነንና ስለዚሁ ልንጽፍ ወደድን። መጥፎ አለቃ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው የሚጮኸው ነው። የሚጮኸውስ ያስቀይማል፤ ሰውን ከእንጀራው የሚነቅለው ግን ትዕዛዙን በቃል ሰጥቶ ጥፋቱን በወረቀት የሚጠይቀው ነው።

አካሄዱ ይታወቃል። ሥራ አስኪያጁ ለካሸሩ ይደውላል፤ "ደንበኛው የኛ ሰው ነው፣ ክፈለው፣ ፊርማው ከሰዓት በኋላ ይሟላል" ይላል። ካሸሩ ይከፍላል። ፊርማው ሳይመጣ ሲቀር ኦዲተሩ ሲስተሙ ላይ የሚያገኘው የከፋዩን መለያና የተከፈለበትን ሰዓት ብቻ ነው። የስልኩ ትዕዛዝ የትም አልተመዘገበም። በቴሌግራም የተጻፈ ቢሆን እንኳ ከሁለቱም ስልክ ሊጠፋ ይችላል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ከመመሪያ ውጭ የሆነ ትዕዛዝ ሁሉ ከመፈጸሙ በፊት በባንኩ ኢሜይል አንድ መስመር ይጻፍበት። አለቃው ካልጻፈ ሠራተኛው ራሱ "በስልክ ባዘዙኝ መሠረት ይህን ክፍያ ፊርማ ሳይሟላ እንድፈጽም ተጠይቄያለሁ፤ በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ" ብሎ ይላክ፤ መልሱ እስኪመጣም አይክፈል። እንዲህ ሲጻፍለት ትዕዛዙን የሚያነሣ አለቃ ብዙ ነው።

የተቀማጭ ኮታ የዚህ አመራር ሁለተኛ ፊት ነው። የብዙዎቹ ባንኮች ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 23 ቀን ስለሆነ ከግንቦት ጀምሮ ቅርንጫፉ በሙሉ ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል። ካሸሩም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም ዘመድ ወዳጁን እየዞረ "ለጥቂት ቀን አስቀምጥልኝ" ይላል። ሰኔ 22 የገባው ገንዘብ ሰኔ 26 ይወጣል። ለባንኩ የሚያበድረው ገንዘብ አልተገኘም፤ ለሥራ አስኪያጁ ግን ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳካ። ምዘናው በአንድ ቀን ቀሪ ሒሳብ ሳይሆን በወሩ አማካይ ቀሪ ቢሆን ይህ ሩጫ በአብዛኛው ይቆም ነበር። ይህን ለመለወጥ ደግሞ የቦርድ ስብሰባ አያስፈልግም፤ የምዘና ቅጹን አንድ ረድፍ ማስተካከል ይበቃል።

ሩጫው የሚያመጣውን ጉዳት የሚከፍለው መስኮቱ ላይ የቀረው ሰው ነው። ሁለቱ ለቅስቀሳ ሲወጡ አንዱ ብቻውን ይቀበላል፣ ይቆጥራል፣ ይከፍላል። የ200 ብር ኖት በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ስሕተቱ ከብዷል። መቶ ኖት የያዘ አንድ እሥር የ200 ብር ከሆነ 20,000 ብር ነው፤ በጥድፊያ እንደ መቶ ብር እሥር ተቆጥሮ ከወጣ በአንድ ምልክታ 10,000 ብር ጎደለ ማለት ነው። ማታ ሒሳቡ አልገጥም ሲል "ከደመወዝህ ይቆረጣል" ይባላል። እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ጉድለቱ ሲመዘገብም በዚያ ሰዓት ቅርንጫፉ ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ፣ የቀሩት በማን ትዕዛዝ እንደወጡ አብሮ ይመዝገብ። ይህ ዓረፍተ ነገር የሌለበት የጉድለት ቃለ ጉባኤ ግማሽ እውነት ነው።

የትርፍ ሰዓቱ ነገር ከሁሉ ያሳዝነናል። በሩ 11 ሰዓት ቢዘጋም ሒሳብ ተገጥሞ፣ ካዝና ተቆልፎ፣ ስብሰባ ተደርጎ ሠራተኛው የሚወጣው 12 ወይም 1 ሰዓት ነው። በዚሁ አዋጅ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ የሚሠራ፣ አሠሪውም ሊመዘግበው የሚገባ ነው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ትዕዛዙ በቃል የሚሆነው እንግዲህ ለዚህ ነው፤ ካልተመዘገበ አይከፈልም። ሒሳቡን እንሥራው። የሠራተኛው የወር ደመወዝ 12,480 ብር ቢሆንና በወሩ መደበኛ የሥራ ሰዓት፣ በ208፣ ቢካፈል የሰዓቱ 60 ብር ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ 90 ብር ይሆናል። በቀን አንድ ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢቆይ 2,340 ብር። በሦስት ዓመት 84,240 ብር። ነገር ግን የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ስለሚታገድ በመጨረሻ ክስ ቢያቀርብ የሚደርሰው 14,040 ብር ብቻ ነው። ያውም ማስረጃ ካለው። ስለዚህ ሠራተኛው ቀኑን፣ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት፣ ያዘዘውን ሰውና ምክንያቱን በየዕለቱ በራሱ ደብተር ይያዝ፤ በየወሩም ጠቅልሎ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ማታ የቆየበት ሰዓት አይመዘገብ እንጂ ጠዋት የዘገየበት አምስት ደቂቃ ይመዘገባል። በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ እየተነገረው ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችል አለቆች ጠንቅቀው ያውቃሉ።

አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ሹመት ይመጣል። ሠራተኛው "ሱፐርቫይዘር" ወይም "ኃላፊ" ተብሎ ጥቂት ብር ይጨመርለትና "አሁን የሥራ መሪ ነህ፣ ትርፍ ሰዓት አይመለከትህም" ይባላል። የሥራ መሪነት በማዕረግ አይለካም። የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን አለው ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። የዓመት ፈቃድ እንኳ ራሱ መፍቀድ የማይችል ሱፐርቫይዘር ሠራተኛ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ዝም ይላል? አንዱ ምክንያት የሠራተኛ ብድር ነው። በዝቅተኛ ወለድ ቤት ወይም መኪና የገዛ ሰው ሲለቅ በብዙ ባንኮች ወለዱ ወደ ደንበኛ ተመን ይዞራል። ስለዚህ ዝውውሩንም፣ ዘለፋውንም ተሸክሞ ይቀመጣል። አመራሩም "የሚለቅብን ሰው ጥቂት ነው" ብሎ ይጽናናል። የታሰረ ሰው መቆየቱ ደስተኛነቱን አያሳይም።

የሚለቁትም ቢሆኑ ነገሩን አድበስብሰው ይወጣሉ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ሁሉ "በግል ምክንያት" ይላል፤ ዕዳና ንብረት እንደሌለበት የሚያረጋግጠው ክሊራንስ ላይ የሚፈርመው ያው አለቃ ነዋ። በሰብአዊ ክብሩ ላይ በደል የተፈጸመበት ሠራተኛ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል፤ የሥራ ስንብት ክፍያና ካሣም ያገኛል። ለዚህ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥም መጠቀም ግድ ነው። "በግል ምክንያት" ብሎ የፈረመ ሰው ይህን መብት በገዛ እጁ አጠፋው። ባንኮች እውነቱን መስማት ከፈለጉ የለቀቀውን ሰው ክሊራንሱንና የሥራ ልምዱን ከሰጡት ከአንድ ወር በኋላ፣ ከቅርንጫፉ ውጭ ባለ ሰው ያነጋግሩት።

እናንተንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። የባንኮች ጠቅላላ ጉባኤ ሲደርስ ከትርፉ ጎን ሦስት ቁጥር ጠይቁልን፤ በዓመቱ ስንት ሰው ለቀቀ፣ ከየትኛው ቅርንጫፍ ነው የበዛው፣ ለትርፍ ሰዓት ስንት ብር ተከፈለ። ሦስተኛው ዜሮ ከሆነ ለምን እንደሆነም አስከትላችሁ ጠይቁ።

በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ
ከአዲስ አበባ