መሪ ሳጥኑ ከመጥበቁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አሮጌ መኪኖች ደኅንነት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ነው። መንገድ የማይዝ መሪ ግን ሾፌሩ ቀስ በቀስ ስለሚለምደው ሳይነገርለት ይከርማል። በተለይ ዕድሜ የጠገበ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና የሚነዳ ሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ መሪውን ግራና ቀኝ ሲያርም ይውላል፤ ነገሩንም የእርጅና ጠባይ አድርጎ ይቀበለዋል። ከባድ መኪና ከፊት ለፊት ሲመጣ ይህ ልማድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ መሪው በዋለለ ቁጥር መሪ ሳጥኑ (የመሪውን ዙረት ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ባለ ጥርስ ሳጥን) ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን የማጥበቅ ልማድ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ይበልጥ የሚያልቁት መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ መሐል ላይ ነው። የመሐሉን ልልነት ለማጥፋት ሲባል ቡሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀ፣ ያላለቁት የዳርና የዳር ጥርሶች ይነካከሳሉ፤ መሪውም ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ መመለሱን ይተዋል። ሾፌሩ በእጁ ሲመልሰው ከሚፈለገው ያልፋል፣ እንደገና ያርማል፣ መኪናውም እንደ በፊቱ ይዋልላል። እንዲህ ከሆነ የጠበቀ መሪም የላላውን ያህል መንገድ ያስታል ማለት ነው።

በራሴ መኪና ላይ ቡሎኑ ሁለት ጊዜ ጠብቆልኝ ለውጥ አላየሁም። በመጨረሻ ሞተሩን አስነስተን፣ ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ፣ አንድ ወዳጄ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ሲወዘውዝ እኔ ከሥር ተኝቼ በባትሪ ተመለከትኩ። ቴስቲናዎቹ፣ ማለትም የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መገጣጠሚያዎች፣ ደህና ነበሩ። ሳጥኑ በሻንሲው፣ ማለትም በመኪናው ዋና የብረት አካል፣ ላይ የታሰረበት ቦታ ግን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረችው፤ መሪው በተወዘወዘ ቁጥር ትከፈትና ትዘጋ ነበር፣ ከጎኗም የዝገት ብናኝ መስመር ሠርቶ ነበር። ሳጥኑ ራሱ ከነቡሎኖቹ እየተንቀሳቀሰ፣ እኛ ለካ የውስጡን ጥርስ ስናስጠብቅ ኖረናል።

ስለዚህ ምርመራው ቀላል ከሆነው ይጀምር እላለሁ። የጎማዎቹ ንፋስ ይለካ፤ የፊቶቹ ከኋላዎቹ ጋር ይቀያየሩና ጠባዩ ከተለወጠ ጥፋቱ ጎማው ላይ ነው። ቀጥሎ ከላይ ያልኩት የሁለት ሰው ፍተሻ ይደረግ፤ ከሥር ያለው ሰው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጁ ይያዝ፣ ዓይን የማያየውን ልልነት ጣት ይሰማዋልና። ከዚያ ፊቱ በክሪክ ተነስቶና በጠንካራ መቆሚያ ተደግፎ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ ንቅናቄው ከጠፋ ያለቀው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው።

የኋላውን ክፍል ብዙ ሰው ይረሳዋል። የባሌስትራው (የንብርብር ብረት ሞላው) ጎሚኒ ያለቀበት ወይም ማሰሪያው የላላበት መኪና የኋላ አክስሉ ነዳጅ ሲሰጠውና ሲለቀቅለት ትንሽ ስለሚዞር፣ መኪናው ከኋላ የሚመራ ይመስላል። ከፍ እንዲል ሞላው የተቀየረለት ከሆነ ደግሞ የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዝመማ፣ ማለትም ካስተር፣ ሳይቀንስ አይቀርም፤ መሪውን ወደ መሐል የሚመልሰው ይህ ዝመማ ስለሆነ ዝመማው ራሱ ካልተስተካከለ ያለቀ ዕቃ በመቀየር ብቻ አይድንም። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የሚሠራው ልልነቱ ሁሉ ከተወገደ በኋላ ነው፤ በላላ ቴስቲና ላይ የተለካ አላይመንት መኪናው ከጋራዥ እንደወጣ ይለወጣል። የመሪ አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርደው ዕቃ) መቀየርም የጎማ መርገብገብን ያለዝባል እንጂ የላላውን አያጠብቅም።

መካኒኮቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ስንት ሚሊሜትር ባዶ እንደሚዞር ከሥራው በፊትና በኋላ ለክተው ለባለቤቱ በጽሑፍ ይስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ